ጣሳዋ

እሑድ ማታ ነው። ዝናቡ አላባራ ብሏል፤ ነገ ሥራ አለ። ምንም ሳልሆን ሆድ ብሶኛል።

ሁለቱን ቀን ከመ. ጋር በመኪና ስንዞር፣ ከከተማ ከተማ ቢራ ስንቀምስ ነው ያሳለፍነው። መሪውን የያዘው እሱ ስለሆነ አልኮል የሌለውን እየጠጣ አጀበኝ፤ እግዜር ይስጠው።

መጀመሪያ የጀርመኗ ባምበርግ ከተማ ገባን። እዚያ ብቅሉን የሚያደርቁት በእንጨት እሳት ስለሆነ ጭሱ ቢራው ድረስ ይዘልቃል። ሽሌንከርላ የሚሉት ቤት ከእንጨት በርሜል ነው የሚቀዳው። ጥቁር ነው፤ አረፋው ወፍራም። መ. አሸተተና «ቋንጣ!» አለ። እኔን ግን የሸተተኝ ወይራ ነው። እማዬ ጋኑን በግራዋ ፈትጋ አጥባ፣ የወይራ ፍልጥ አጭሳ፣ ጋኑን ጭሱ ላይ ስትደፋው የሚወጣው ያ ሽታ። ብርጭቆውን ይዤ ዝም አልኩ። መ.ም አልጠየቀኝም።

ስለ እያንዳንዱ ቢራ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ጣዕማቸውን ስልኬ ላይ መዝግቤ ነበር። አሁን ግን ዓይኔ ላይ የቀረው የቅዳሜ ማታው ኮከብ ብቻ ነው።

ወደ ቼክ ድንበር ጠጋ ስትሉ ቪንዲሽኤሸንባህ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቢራቸውን ዞይግል ይሉታል። ጠመቃው በጋራ ጠመቃ ቤት በእንጨት እሳት ይጀመራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻውን ወደ ምድር ቤቱ ወስዶ ራሱ ያብላላዋል። አይጣራም፣ ጉሽ ነው። ቤተሰቦቹ በየተራ ነው የሚሸጡት። ተረኛው ቤት ከደጁ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይሰቅላል። ኮከቡን ያየ ይገባል፤ ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ተጋርቶ ይጠጣል። አጠገቧ ያለችው ኖይሃውስ የመጥመቅ መብቱን ያገኘችው በ1415 ነው አሉን፣ በነሱ አቆጣጠር። በ2018 ደግሞ ጀርመን ይህን ባህል በቅርስነት መዘገበችው።

ሰዎች ከኮከቡ ሥር እየቆሙ ፎቶ ይነሳሉ። እኔም ተነሳሁ።

የእኛ ቤት ኮከብ ጣሳ ነበረች። እማዬ ረጅም እንጨት ላይ ደፍታ በር ላይ ታቆማታለች፤ ጠላ ደርሷል ማለት ነው። ቀለሟ የለቀቀ፣ አንድ ጎኗ የተጨረመተ ጣሳ። ደብተሬም ጫማዬም የተገዛው በእሷ ነው። እኔ ግን ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ስመጣ በራችንን እንደማላውቀው አልፌ እስከ ወፍጮ ቤቱ እሄድና፣ ሲበታተኑ እመለስ ነበር።

አንድ ቀን ሳልፍ እማዬ ውጭ ነበረች። እንጨቱ ዘሞባት እያቃናች። አየችኝ። አየኋት። አልጠራችኝም። ማታ እራቴን አቀረበችልኝ፤ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጣሳዋ በሩ ላይ የለችም። የተሰቀለችው ሲመሻሽ ነው። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ እንደዚያው ሆነ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ እላለሁ፣ ግን ደስ ማለቱን አልረሳሁትም።

ቅድም ደወልኩላት። የኮከቡን ፎቶ ልኬላት ነበር። «ምንድን ነው?» አለች። «ጠላ አለ ማለት ነው እማዬ» አልኳት። ሳቀች። «እነሱም ይሰቅላሉ?» አለችና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በልተሽ ነው ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው ብላ ወደ ሌላ ወሬ ገባች። ልጠይቃት የፈለግኩት አፌ ላይ እንዳለ ስልኩ ተዘጋ።

ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት እኮ ገበያተኛው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሰዓት ነበር። በእነዚያ ቀናት ስንት እንስራ ጠላ ሳይሸጥ ኮመጠጠባት ይሆን?