ሲጢጥ

ዛሬ ከአልጋዬ ስወርድ ጀምሮ ቀልቤ ልክ አልነበረም። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ጠዋት ጭጋጉ ግንቡን ውጦታል። ጎንደር በሐምሌ ስታኮርፍ ታውቋታላችሁ። የሚደውልልኝ የለ፣ የምሄድበት የለ። ሰው የመኪናውን ድምፅ ማዳመጥ የሚጀምረው እንግዲህ እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ልጅቱ (እንደዚያ ነው የምጠራት፣ ሳቁ) ገና 14,000 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ፍሬን በነካሁ ቁጥር ሲጢጥ ትላለች። መጀመሪያ በዝናቡ አሳበብኩ። የፍሬን ዲስክ፣ ያ ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት፣ ውጭ ሲያድር ስስ ዝገት ይይዘዋል፤ ጠዋት ሁለት ሦስቴ ፍሬን ሲያዝ ይጠረግና ያበቃል። የእሷ ግን ማታም አለ። ደግሞ አጥብቄ ስረግጥ ዝም፤ ነካ ሳደርጋት፣ ልትቆም ስትል፣ ሲጢጥ! ፒያሳ ላይ እግረኛ ላሳልፍ ስቆም ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። የሃያ ዓመት ሚኒባስ እየተንኳኳ ሲያልፍ ቀና የሚል የለም። አዲስ ሲጮህ ግን ደስ ይላል መሰለኝ።

አዘዞ መንገድ ላይ ያለው ልጅ ዘንድ ወሰድኳት። ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ ጸጥ። ሐኪም ፊት እንደሚተወው የጥርስ ሕመም። ልጁ ግን አላሾፈብኝም፤ በክሪክ አንሥቶ ቡሎኑን ፈታ፣ ጎማውን አወጣ፣ ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ በጣቱ ለካው። «አላለቀም ጋሼ።» ሸራ ሲሳሳ ዲስኩን እየጫረች እንድትጮህ ሆን ተብላ የምትገጠም ቀጭን ብረት አለች፤ እሷም ገና ሩቅ ናት። ከዲስኩ ጀርባ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሆነም አየ። የለም። በኋላ ሸራውን ፈትቶ ወደ ብርሃን አዞረልኝ፤ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

«ሙቀት ነው እንዲህ ያደረገው። ከጎሃ ኮረብታ ሲወርዱ ፍሬኑ ላይ ተኝተው ነው አይደል?»

«ኧረ በማርሽ ነው የምወርደው» አልኩ። ውሸቴን ነው።

ብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ ሸራውን እያሸ ያስረዳኝ ጀመር። «ጩኸቱ ምን መሰለዎት፣ ሸራው ዲስኩን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው ነው። በጣም ቶሎ ቶሎ ስለሆነ ነው ድምፅ የሚወጣው።»

ያዝ ለቀቅ። ማሲንቆም እኮ ሌላ ነገር የለውም! ሙጫ የጠገበው ደጋን ያችን አንዲት የፈረስ ጭራ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋታል፤ እኛ ደግሞ ጠላችንን ይዘን እናለቅሳለን። የአክስቴ ሠርግ ላይ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ይሆናል፣ ዳሱ ውስጥ ከአዝማሪው እግር ሥር ተቀምጬ እጁን ብቻ ሳይ አመሸሁ። በማግስቱ አባቴን ማሲንቆ ግዛልኝ አልኩት። አልተቆጣም። «የኛ ልጅ ሠርግ ይጠራል እንጂ በሠርግ አይዞርም» አለና ቡናውን ጠጣ። ከተማችን እንዲህ ናት፤ አዝማሪዋን ትወዳለች፣ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፍለታለች፣ ልጇን ግን አትሰጠውም። እኔም መቼም እልኸኛ አልነበርኩም፤ ተውኩት።

ስመለስ መስኮቱን ዘግቼ ለብቻዬ «ተቀበል!» አልኩ።

ሁሉም ቁልቁለቱን ሲጋልብ እያየሁ፣
እኔስ መቼ ሞኝ ነኝ፣ ፍሬን ይዤ ቀረሁ።

እንዴት እንደኮራሁ! ፍሬን የጣሊያን ቃል ነው። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚህ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ፍሬኑንም ማርሹንም ጎማውንም ካቻቢቴውንም ጥሎልን ሄደ። አማርኛ ወርቅ ይጨምርባታል ብሎ መቼ አሰበ? ሰሙ መኪና ማቆም፤ ወርቁ ፍሬ፣ ልጅ...

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። የቱን ፍሬ ነው የያዝኩት? እናቴ ብትሰማው ሰሙን ዘላ ወርቁ ላይ ነው የምትወድቀው፤ «ፍሬህን ሳላይ» ማለት ከጀመረች እኮ ስንት ክረምት አለፈ። አርባ አንድ ዓመት ኖሬ ግቢዬ የምታድር አንዲት ልጅ ብትኖረኝ እሷም በዋስትና ነው።

ሰፈር ስደርስ ነካ አደረግኳት። ሲጢጥ! የጎረቤት ልጆች ከአጥሩ ወዲያ፣ ገና ሳያዩኝ፣ «መጣ! መጣ!» እያሉ በሩን ሊከፍቱ ሮጡ።

ልጁ ሸራውን መልሶ ሲገጥም እንዲህ አድርግ ያለኝ ነገር ነበር። መጀመሪያ ቀን፣ ሠላሳ ጊዜ ያህል፣ ቀስ እያልክ... ምን? ከያዝ ለቀቅ በኋላ ያለውን አንዱንም አልሰማሁትም።