የበግ ፀጉር፣ እንዝርትና የልጆቹ ቃል

በብዙ አፀደ ሕፃናት «ፕሮጀክት» ሲባል የሚታየው ግድግዳ ሙሉ አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ሠላሳ በግ፣ ሠላሳውንም መምህርቷ ከካርቶን ቆርጣ የሰጠቻቸው፣ ጥጥ የተለጠፈባቸው። ያምራል። የትኛው ልጅ ምን እንዳሰበ ግን አንዱም በግ አይናገርም። የልጆቹን ሐሳብ የሚያሳይ ፕሮጀክት እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይመዘገባል?

ደብረ ብርሃን፣ መንዝ ወይም አንኮበር ለሚያስተምር ሰው ርዕስ ከደጅ አይጠፋም። የበግ ፀጉርን እንውሰድ። ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲጀምር ሁሉንም ልጅ ይበርደዋል፤ ቤቱ ባና ወይም ብርድ ልብስ አለ፤ እንዝርት የምታሾር አያትም አትጠፋም። («ሱፍ» አትበሏቸው፤ ትዝ የሚላቸው የጾም ፍትፍት ነው።) ጠፈርና ውቅያኖስ ከመጽሐፍ ሥዕል ውጭ የሚነካ ነገር ስለሌላቸው በሁለተኛው ቀን ወሬው ያልቃል።

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያዙለት። በመጀመሪያው ቀን ምንም ሳታስረዱ «ብርድ ልብስ ከምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በግ ካዩት እያስታወሱ ይሳሉ። ሥዕሉ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት። በሦስተኛው ሳምንት እውነተኛ በግ ፊት ተቀምጠው እንደገና ይስላሉ። የፊተኛው አብዛኛውን ጊዜ ክብ ሆድና አራት እንጨት ነው፤ በኋለኛው ቀንዱ፣ ላቱ፣ ወደ ላይ የታጠፈው የላቱ ጫፍ ሳይቀር ይመጣል። የፊተኛውን የጣለች መምህርት ለውጡን የምታሳይበት ነገር የላትም።

ፀጉሩ በሕይወት ካለ ጤነኛ በግ የተሸለተ ይሁን። ሞቶ ከተገኘ በግ ወይም ምንጩ ካልታወቀ ቆዳ የተወሰደ ክፍል አይግባ፤ አባ ሰንጋ በፀጉርና በቆዳም ይተላለፋል፣ አጥቦ ማስገባትም መፍትሔ አይሆንም። መዥገርና እሾሁን አዋቂ ይልቀመው፤ በለብታ ውሃና በሳሙና ሳይታሽ ይጠብና ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ማሸቱ ለልጆቹ ይቆያቸው። እፍኝ ፀጉር ሳሳ አድርጎ መደራረብ፣ ሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ ጠብ ማድረግ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ማሸት። በፀጉሩ ላይ ያሉት ደቃቅ ቅርፊቶች እየተቆላለፉ ሳይሸመን ጨርቅ ይሆናል። ውሃው ከበዛ ይንሳፈፋል እንጂ አይያያዝም፤ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ልጆቹ የሚሉትንና የሚሠሩትን ወደ መመዝገቡ። በዚህ አሠራር ስሟ የሚነሳው የጣሊያኗ ከተማ ሬጆ ኤሚሊያ ናት፤ እዚያ በየትምህርት ቤቱ ለሥነ ጥበብ ሥራ የተመደበ ሰው አለ። እዚህ አንዲት መምህርት አርባ ልጅ ትይዛለች። ሁሉንም በአንድ ቀን ልመዝግብ ካለች በሳምንቱ ትተወዋለች። በቀን ስምንት ልጆች አጠገብ ትቀመጥ፤ የቀሩት ጭቃ ያድቦልቡሉ፣ ጠጠር ይደርድሩ። በአምስት ቀን አርባውም ይዳረሳል።

የሚጻፈው ልጁ ያለው ቃል ነው፣ እንዳለው። አንድ ልጅ «ፀጉሩን ከወሰድንበት በጉን አይበርደውም?» ቢልና መምህርቷ «ሕፃኑ ስለ በግ ጥቅም ተወያየ» ብላ ብትጽፍ፣ ጥያቄው እዚያው ሞተ። ቃሉ ከተጻፈ ግን በማግስቱ ለቡድኑ ይነበባል፦ «ትናንት እንዲህ ተብሎ ነበር፤ እንዴት እንወቅ?» ሁለት እኩል የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የማያቃጥል ሙቅ ውሃ፣ አንዱ በፀጉር የተጠቀለለ፣ አንዱ ራቁቱን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእጃቸው ይንኩት። የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ የሚወጣው ከዚህ ነው፤ አስቀድሞ ከተሞላ ዕቅድ አይደለም። ማስታወሻ ለሱፐርቫይዘር ብቻ የሚጻፍ ከሆነ ባይጻፍ ይሻላል።

ፎቶ ሲነሳ ካሜራው እጅና ሥራው ላይ ይሁን። «ወደዚህ እዩ» ሲባል ሥራው ይቆማል፣ የሚቀረውም ፈገግታ ብቻ ነው። በቀን አምስት አንስቶ አንድ ማስቀረት ይበቃል፤ በተለይ ሥራው ያልተሳካበትን፣ ለምሳሌ በእንዝርት ሲፈትሉ ክሩ የተበጠሰበትን። ወላጅ ሳይፈቅድ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ።

መስቀያው የተተረተረ የማዳበሪያ ጆንያ ቢሆን ይመረጣል፤ ወረቀቱ በልብስ መቆንጠጫ ይያዝበታል። የዱቄት ሙጫ አይጥ ይጠራል፤ ክረምት ላይ ደግሞ የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ስለሚያወጣ ወረቀቱ ተልጦ ይወድቃል። የጆንያው መሐል ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ይሁን፣ በልጆቹ ዓይን ልክ። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ለእንግዳ የተሰቀለ ነው።

ወላጆች «ፊደል መቼ ነው የሚቆጥሩት?» ማለታቸው አይቀርም። ጆንያው አጠገብ አቁሟቸው። ከየሥዕሉ ሥር የልጁ ስምና የተናገረው ቃል በትልልቁ ተጽፎ ካለ፣ ልጁ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በጣቱ እየነካ የራሱን ወረቀት ሲፈልግ ያዩታል።