መጠኑ ሙሉ የሆነ ግማሽ ፎቶ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በምሠራበት ፎቶ ቤት የሠርግ ፎቶዎችን በሁለት ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ የጀመርኩት ሥራውን ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ ነው። ሁለተኛው ቅጂ በእርግጥ ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆኑን መፈተሽ የጀመርኩት ግን አንዲት ደንበኛዬ ከተዳረች ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጥታ፣ አባቷ በሠርጓ ዕለት እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቋት ያነሳሁትን ፎቶ በትልቁ እንዳትምላት ከጠየቀችኝ ወዲህ ነው። አባቷ በዚያው ሰሞን አርፈው ነበር።

ዋናው ዲስክ ቀደም ብሎ ስለተበላሸ ቅጂውን አወጣሁ። ፎልደሩ አለ፣ የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑም 9 ሜጋባይት ይላል። ስከፍተው የአባትየው ነጭ ኮፍያ፣ ግንባራቸውና ዓይኖቻቸው ታዩ፤ ከዚያ በታች፣ የተዘረጉት እጆችና ያጎነበሰችው ሙሽራ መታየት በነበረባቸው ቦታ፣ ያለው አንድ ወጥ ግራጫ ቀለም ብቻ ነበር። «ወንድሜ፣ ሌላ ቦታ የለህም?» አለችኝ። አልነበረኝም። በአልበሟ ውስጥ ያለውን ትንሽ ፎቶ ስካን አድርጌ የተቻለኝን አተምኩላት፤ እጆቹ ግን ደብዝዘው ቀሩ።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ ሳጤነው፣ ያን ፎልደር ኮፒ በማደርግበት ሰዓት መብራት ጠፍቶ እንደነበር አስታወስኩ። ዊንዶውስ አንድን ፋይል ኮፒ ሲያደርግ ብዙውን ጊዜ ለሙሉ መጠኑ የሚበቃውን ቦታ አስቀድሞ ይይዝና ይዘቱን ከዚያ በኋላ ይሞላል፤ ስለዚህ መብራት መሐል ላይ ሲቋረጥ መጠኑ ሙሉ፣ ከፊል ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ፋይል ሊቀር ይችላል። መብራት ከመጣ በኋላ ኮፒውን እንደገና ስጀምር ኮምፒውተሩ ፋይሉ አስቀድሞ እንዳለ ነገረኝ፤ እኔም እንዲያልፈው አዘዝኩት። የፋይሎቹን ብዛትና ጠቅላላ መጠን አስተያይቼ እኩል ሆነው ስላገኘኋቸውም ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

ብዛትና መጠን ስለ ይዘት ምንም አይናገሩም። ስለ ይዘት የሚናገረው ሃሽ ወይም ቼክሰም የሚባለው ነው፤ እኔ አሻራ እለዋለሁ። ሻ-256 የተባለው ስሌት ፋይሉን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው አንብቦ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አንድ መስመር ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ባይት ብትለወጥ መስመሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ሰርትዩቲል የተባለው ትእዛዝ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ሊኑክስም የራሱ አለው።

ዋናው ጥያቄ አሻራው መቼ ይወሰድ የሚለው ነው። እኔ የምወስደው ፎቶው ገና ከሚሞሪ ካርዱ ላይ ሳይጠፋ ነው፤ ምክንያቱም ፋይሉ ከተበላሸ በኋላ የተወሰደ አሻራ ብልሽቱን እንደ ትክክለኛ ይዘት መዝግቦ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ፍተሻም ሁሉ «ደህና ነው» እያለ ያልፋል። ቅጂው እንዳለቀም ወዲያው አልፈትሽም። ኮምፒውተሩ በቅርቡ ያለፈበትን መረጃ በራሱ ሚሞሪ ይዞ ስለሚቆይ፣ ዲስኩን ያነበበ መስሎን በሚሞሪው ያለውን ብቻ ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩን በወጉ ነቅዬ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነስቼ፣ መልሼ ሰክቼ ፋይሎቹን አነባለሁ፤ የሚወጣውንም አሻራ መጀመሪያ ከወሰድኩት ጋር አስተያያለሁ። ይህች ትንሽ ትዕግሥት በፍላሽም ላይ ትጠቅማለች፤ ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ የሚይዙ አስመሳይ ፍላሾች የፋይሎቹን ስም እስከ መጨረሻው ይዘረዝራሉ፣ ይዘቱ ግን የለም።

አሻራ ብልሽትን ያሳያል እንጂ አይጠግንም። ለመጠገን ሌላ ጤነኛ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ያም ቅጂ እዚሁ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈበትን ጎርፍ ለሚያስታውስ የድሬ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሦስተኛውን ዲስኬን፣ ከታተመ የአሻራ ዝርዝር ጋር፣ ሐረር ጁገል ውስጥ እህቴ ቤት አኑሬዋለሁ። በየሦስት ወሩ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ እዚያው በላፕቶፕ አነበዋለሁ፤ ከፎልደሮቹም አንዱን በዘፈቀደ መርጬ ፎቶዎቹን እየከፈትኩ በዓይኔ አያለሁ።

ባለፈው ፍተሻ ሱቅ ባለው ዲስክ ላይ ሁለት ፋይሎች ከአሻራቸው ጋር አልገጠሙም። የሐረሮቹ ገጠሙ። ሁለቱን አምጥቼ በተበላሹት ቦታ ተካሁና ዲስኩን ነቅዬ፣ መልሼ ሰክቼ፣ እንደገና አነበብኩ፤ 64ቱም ፊደሎች በሁለቱም ፋይሎች ላይ አንድ ሆኑ።