የሐረርጌ ደጋ ትንንሽ እንቁራሪቶችን መለየት፦ የሦስት ክረምት ማስታወሻ

በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «መስመር ያለው» እና «መስመር የሌለው» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ተሰምረዋል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በሐሮማያ አካባቢ ፎቶግራፍ ያነሣኋቸውን 26 ትንንሽ እንቁራሪቶች በእነዚህ ሁለት ዓምዶች ከፋፍዬ፣ በየዓምዱ አናት ላይ አንድ አንድ ሳይንሳዊ ስም ጽፌ፣ ሥራው የተጠናቀቀ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ያ ገጽ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክርቢቶ ተሰርዟል። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በትርፍ ጊዜያቸው እንቁራሪት አስተኔዎችን መከታተል ለጀመሩ ባልንጀሮች፣ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣና ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ለወጥኩ ለማካፈል ነው።

የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የደጋ እንቁራሪት እደጃችን አይመጣም፤ የከተማዋ ወንዝ ደቻቱም ቢሆን አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የሐሮማያ ሜዳ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴም ከዚያ ከፍ ወደሚለው ወደ ቁልቢ አቅጣጫ እቀጥላለሁ። የሐሮማያ ሐይቅ ለዓመታት ደርቆ ከቆየ በኋላ ውኃው መመለሱ ለዚህ ሥራ ትልቅ ዕድል ሆኖልኛል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የምቆመው በሐይቁ ዳር ሳይሆን፣ በጫት ማሳዎች ግርጌ ዝናብ በሚያቁርባቸው ሣራማ ጉድጓዶች አጠገብ ነው።

ያስቸገረኝ ወገን ፒቲካዴና ይባላል። ስሙ «እጥፋት» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ከጀርባው ቁልቁል በሚወርዱት የቆዳ ሰንበሮች ምክንያት የተሰጠው ነው። አፍንጫው ሾል ያለ፣ የኋላ እግሩ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ረጅም፣ ዝላዩም የዚያኑ ያህል ሩቅ በመሆኑ ከሌሎች ወገኖች ለመለየት ብዙም አያዳግትም። ችግሩ የሚጀምረው ወደ ዝርያው ሲወረድ ነው። ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን የተባሉት የጀርመን ተጓዦች በ1900 እ.ኤ.አ. ግድም ከዘይላ ተነሥተው በሐረር በኩል ወደ መሀል አገር ካለፉ በኋላ፣ ኤርንስት አል የተባለው ተመራማሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ሁለት ዝርያዎችን ኤርላንገሪ እና ኒውማኒ ብሎ በስማቸው ሰየመ። ኒውማኒ የሚለው ስም ለብዙ አሥርት ዓመታት በደጋው ሁሉ ለሚገኙ ተመሳሳይ እንቁራሪቶች እንደ ጃንጥላ ሲያገለግል ቆይቶ፣ የዘረ መል ምርመራ ሲመጣ ግን በጃንጥላው ሥር ብዙ ዝርያዎች ተጠልለው መኖራቸው ታወቀ። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ክለሳ ብቻ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ስም አግኝተዋል፤ ከእነርሱም አንዱ በባሌዋ ሮቤ ከተማ ስም ሮቤኤንሲስ ተብሏል። እኔ ሁለት ዓምድ አስምሬ የተቀመጥኩት እንግዲህ ባለሙያዎቹ የአካል ልኬትን፣ ድምፅንና ዘረ መልን አጣምረው በብዙ ድካም በለዩት ስብስብ ላይ ነበር።

መስመር ያልኩት ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጀርባ መጨረሻ በመሀል የሚወርደውን ፈዛዛ መስመር ነው። ለዓይን ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው እርሱ ስለሆነ ለጀማሪ እጅግ ያጓጓል፤ ሆኖም በአንድ ዝርያ ውስጥ፣ በአንድ ኩሬ ውስጥ እንኳ፣ አንዱ ሰፊ መስመር፣ ሌላው ቀጭን መስመር ሊኖረው ይችላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጨርሶ ላይኖረው ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከላይ ባነሣሁት የሮቤ ዝርያ ላይ ይህን ልዩነት ኤ-ኤስ-አይ-ፒ ከሚባል ጂን ጋር አያይዞታል። ስለዚህ መስመሩ የሚነግረን የአንዱን እንቁራሪት የቀለም ውርስ እንጂ ዝርያውን አይደለም። የጀርባው አረንጓዴነትና ቡናማነትም እንደዚሁ ነው። ይህን ከማንበቤ በፊት ያስደነገጠኝ ግን በነሐሴ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ጥንድ ነው፤ መስመር ያለው ወንድ መስመር የሌላትን ሴት ከጀርባዋ አቅፎ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እርግጥ ነው፣ በመራቢያ ወቅት ወንድ እንቁራሪት ያገኘውን ሁሉ፣ የሌላ ዝርያ ሴት ቢሆን እንኳ፣ ሊያቅፍ ስለሚችል አንድ ጥንድ ማስረጃ አይሆንም። በዚያው ሳምንት አራት እንዲህ ያሉ ጥንዶች ስቆጥር ነው ቀዩን እስክርቢቶ ያነሣሁት።

ሁለተኛውን ክረምት ያሳለፍኩት በልኬት ነው። እንቁራሪቷን በእርጥብ እጅ እይዝና ጥቂት ውኃ ካለበት ንጹሕና ብርሃን አስተላላፊ ፌስታል ውስጥ አስገብቼ፣ ፌስታሉን ባለ ሚሊሜትር ወረቀት ላይ አስተኝቼ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ፎቶግራፍ አነሣለሁ፤ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜም በተያዘችበት ቦታ እለቃታለሁ። ይህ ዘዴ ያተረፈልኝ ከሁሉ በላይ የሆዷንና የእግሯን መዳፍ ነው፤ ቀድሞ ያነሣኋቸው ፎቶግራፎች አብዛኞቹ የጀርባ ብቻ ስለነበሩ ዛሬ ብዙም አይረዱኝም።

የምመለከተው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ጭኖቹ ከአካሉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው ቅልጥሞቹ ሲታጠፉ፣ ተረከዞቹ ይነባበራሉ ወይስ ገና ሳይነካኩ ይቀራሉ የሚለው የእግሩን ርዝመት ያለ ካሊፐር (ያለ መለኪያ መሣሪያ) ይነግረኛል። ቀጥሎ ከኋላ እግር ጣቶች ረጅሙን፣ አራተኛውን ጣት እይዝና በጣቶቹ መካከል ያለው ስስ ቆዳ እስከ የትኛው አንጓ እንደሚደርስ፣ ስንት አንጓም ነጻ ሆኖ እንደሚቀር እቆጥራለሁ። ይህ ቆጠራ በማጉሊያ መነጽርም ቢሆን ዓይን ያደክማል፤ ስሱ ቆዳ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ክር አክሎ በጣቱ ጎን ስለሚቀጥል፣ ክሩ እንደ ቆዳ ይቆጠር አይቆጠር አስቀድሞ መወሰንና በዚያው መጽናት ያስፈልጋል። እኔ አልቆጥረውም። የጀርባ ሰንበሮቹንም ስንት እንደሆኑ ብቻ ሳይሆን የትኛው ሳይቋረጥ እንደሚወርድ፣ የትኛው መሀል ላይ እንደሚበጣጠስ በንድፍ አስቀምጣለሁ። የጭኑ የኋላ ገጽ በረጃጅም መስመሮች የተሸነተረ ነው ወይስ የተዥጎረጎረ የሚለውም ይመዘገባል። ወንድ ከሆነ ደግሞ የድምፅ ከረጢቱ የሚወጣበት ከመንጋጋው ሥር ያለው ስንጥቅ ከክንዱ መነሻ በላይ ወይስ በታች እንደሚያልቅ አያለሁ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ስለሚገዝፉ የሁለቱን ርዝመት በአንድ አማካይ ማጠቃለል አይገባም፤ እኔ ይህን ስሕተት ለሁለት ወር ሠርቼዋለሁ።

ሌላው ያሞኘኝ ነገር ዕድሜ ነው። ከ26ቱ መካከል ሦስቱ «የፒቲካዴና ግልገል» ብዬ የጻፍኳቸው ነበሩ። ከመካከላቸው የአንዱን ጎን የሚያሳይ ብቸኛ ፎቶግራፍ አጉልቼ ሳይ፣ በተረከዙና በመዳፉ መካከል ባለው የእግር ክፍል ላይ ጤፍ የምታክል ጉብ አገኘሁ፤ በጀርባው ላይም ረጃጅም ሰንበሮች ሳይሆኑ የተበታተኑ ኪንታሮት መሰል እብጠቶች ነበሩበት። ያቺ ጉብ የፍሪኖባትራኩስ ወገን መለያ ናት፤ እነዚህ ደግሞ አድገው የጨረሱ፣ በተፈጥሯቸው ትንንሽ የሆኑ እንቁራሪቶች ናቸው። ጉሮሮው የጠቆረ ትንሽ እንቁራሪት ስናገኝም ግልገል ከማለታችን በፊት የዚህ ወገን ወንድ እንዳይሆን መጠርጠር ይበጃል። በአንጻሩ ቁጥቋጦ ላይ ስትወጣ የምናገኛትና ቀንድ አውጣ በመብላት የምትታወቀው ፓራካሲና ከእነዚህ ጋር ስለማትምታታ ብዙ አላደከመችኝም።

ሦስተኛው ክረምት የድምፅ ነበር፤ ከሦስቱም የበለጠ የተማርኩበት እርሱ ነው። ድምፅ ለመቅዳት ግን በሌሊት መቆም ያስፈልጋል፣ በእኛ አገር በሌሊት በጫት ማሳ አጠገብ ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ የሚያጎነብስ ሰው ደግሞ ስሙ አንድ ብቻ ነው። በሰኔ መጨረሻ አንድ ምሽት ከኋላዬ የዱላ ድምፅ ሰምቼ ዘወር ስል፣ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ጠባቂ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ጫቱ እዚያ ማዶ ነው፤ እዚህ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

«እንቁራሪት ነው አባባ፤ ድምፁን ልቀዳ ነው» አልኳቸው።

«ራቻ?» አሉና በኦሮምኛ ስሙን ደግመው፣ ማይክሮፎኑን፣ ቦት ጫማዬን፣ ፌስታሉን ተራ በተራ ካዩ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያን ሌሊት እስከ አምስት ሰዓት አብረውኝ ቆዩ። እኔ አንድ ጫጫታ ብቻ እሰማ በነበረበት ሰዓት «ሁለት ናቸው፤ ይኼኛው ዝናቡ ሳያባራ ይጀምራል፣ ያኛው መሬቱ ሲረጋ ነው» ያሉኝ እርሳቸው ናቸው። በኋላ ቅጂውን ኦዳሲቲ በተባለ የድምፅ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ከፍቼ የድምፁን ሥዕል ስመለከት በእርግጥ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ሳይቋረጥ የሚንኮሻኮሽ ረጅም ጥሪ፣ ሁለተኛው አጫጭር፣ በየመካከሉ ዝምታ ያለበት «ትክ ትክ» የሚል። በደብተሬ «ረጅሙ» እና «ተክታካው» ብያቸዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀለለ ብዬ ነበር፤ አልቀለለም። የእንቁራሪት የሰውነት ሙቀት ከአካባቢው ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ጥሪው በቀዝቃዛ ሌሊት ይዘገያል፣ በሞቃት ሌሊት ይፈጥናል። ያንኑ ተክታካ ወንድ በ12 ዲግሪና በ17 ዲግሪ ቀድቼ ሳነጻጽር፣ የምቶቹ ፍጥነት ልዩነት ሁለት ዝርያ ለማለት የሚያበቃ ይመስል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ቅጂ ሁሉ ከውኃው ሙቀት፣ ከሰዓቱና ከከፍታው ጋር ይመዘገባል፤ ሙቀት ያልተጻፈበትን ቅጂ ለንጽጽር አልጠቀምበትም። የድምፁ ውፍረትና ቅጥነትም ከአካል መጠን ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የሚቻል ሲሆን የቀዳሁትን ወንድ ራሱን ይዤ እለካዋለሁ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይፈተናል፤ ሰው ሲጠጋ ሁሉም ዝም ይላሉና፣ ባትሪ አጥፍቶ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ መቆም የግድ ነው። በዚህ መካከል ጅብ ቢያልፍ ለሐረርጌ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ቅጂው ላይ ግን ይገባል።

ሁለቱን የድምፅ ዓይነቶች ከልኬቱ ጋር ሳገናኝ፣ የተለካ ተክታካ ሁሉ ተረከዞቹ በደንብ የሚነባበሩ ሆኖ አገኘሁት፤ የረጅሙ ጥሪ ባለቤቶች ተረከዝ ግን እምብዛም አይነካካም። የጀርባ መስመር በሁለቱም ዘንድ አለ፣ በሁለቱም ዘንድ የለም። እስካሁን በዚህ መንገድ የተሟላ መዝገብ ያላቸው 19 ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ስለማይጠሩ ገና በእግራቸው ብቻ እየገመትኩ ነው፤ በመዝገቤም «ግምት» የሚል ዓምድ ከፍቼላቸዋለሁ። ለሁለቱም ሳይንሳዊ ስም አልጻፍኩም፤ ከስብስቡ ስም አልፌ ልሂድ ካልኩ ያንን በዘረ መል የሚያረጋግጥ ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ያለ ፈቃድ ናሙና መሰብሰብ ደግሞ አይገባም። ስም ያልተጻፈበት ጥሩ መዝገብ ነገ ስም ሊሰጠው ይችላል፤ የእኔ የ2014 ዓ.ም. መዝገብ ግን ስም ነበረው፣ ሌላ ምንም አልነበረውም።

ስለ ንጽሕና አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም ዙሪያ በርካታ እንቁራሪቶችን የጨረሰው ካይትሪድ የተባለ ፈንገስ በኢትዮጵያም ተገኝቷል። ከሐሮማያ ወደ ቁልቢ በአንድ ቀን ስሄድ ቦት ጫማዬን በብሩሽ ፈትጌ፣ በበረኪና ውኃ አጥቤ፣ በፀሐይ አደርቀዋለሁ፤ ፌስታልም ለሁለት እንቁራሪት አልጠቀምም።

የመጀመሪያዎቹ 26 መዝገቦች ዛሬ እንዲህ ተከፍለዋል፦ ሦስቱ ፍሪኖባትራኩስ፣ ሰባቱ እግራቸው በፎቶግራፉ ላይ ስለሚታይ ከሁለቱ ዓይነቶች በአንዱ ሥር በግምት የተመደቡ፣ የቀሩት 16 «ፒቲካዴና» ከሚለው ያላለፉ። ለሚቀጥለው ክረምት ያሰብኩት ተክታካው ወደ ቁልቢ ከፍታ ይወጣ እንደሆነ መከታተል ነው፤ በሐሮማያ ሜዳ ሁለቱ በአንድ ኩሬ ይጠራሉ፣ ከፍ ብዬ በቀዳሁባቸው ሦስት ሌሊቶች ግን የሰማሁት ረጅሙን ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት የበልጉ ዝናብ በጣለ ምሽት ሽማግሌው ጠባቂ በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። «መጥተዋል» አሉና ስልኩን ወደ ውኃው አዞሩት። ረጅሙ ነበር፤ ዝናቡም ገና አላባራም። በስልክ የመጣ ድምፅ ለልኬት ስለማይሆን ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ መዝግቤዋለሁ።