የቴሌቪዥን ፖለቲካዊ ኮሜዲን ለምታጠኑ

ባሕር ዳር ሆናችሁ ኮሜዲ ከፖለቲካና ከዜና ጋር የሚቀላቀልበትን መንገድ ለመመረቂያ ጽሑፍ የመረጣችሁ ተማሪዎች፣ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ ሰብስቡ። ዩቲዩብ ላይ የሚዞረው ቁራጭ ብዙ ጊዜ ሳቁን ብቻ የያዘ ነው፤ ከፊቱ የነበረው የዜና ምስል ተቆርጦ ቀርቷል። ለእናንተ ግን ዋናው እሱ ነው። አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ ቪዲዮው ከገጹ ቢነሳ ማስረጃችሁ አብሮ ይጠፋል።

ብዙ ሰው ያየውን ብቻ አትልቀሙ። ከስድስት ወር ሳምንታዊ ሥርጭት 12 ክፍል በዕጣ ማውጣት ይበቃል። የሥርጭቱን ቀን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ጻፉ፤ ቀኑ ከተዛባ ቀልዱን የምታነጻጽሩት ካልሆነ ዜና ጋር ነው።

ሁለት ዓይነት ዝግጅት በአንድ ቅጽ አይለካም። በ1996 እ.ኤ.አ. የጀመረው የአሜሪካው ዴይሊ ሾው እውነተኛ የዜና ቅንጭብ አሳይቶ ይቀልዳል። ፋና ቴሌቪዥን ላይ የተላለፈው «ምን ልታዘዝ» ግን ፖለቲካውን በካፌ ታሪክ ውስጥ አስገብቶ ያቀርባል፤ ዜናውን የሚያመጣው ተመልካቹ ነው። ስለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ከ6 እስከ 8 ሰው ያለው የቡድን ውይይት ግድ ይላል።

ለመጀመሪያው ዓይነት ኤክሴል ላይ አራት ዓምድ ክፈቱ፦ ዜናው፣ ሰሙ፣ ወርቁ፣ ዒላማው። ምሳሌ ላብጅ። አንድ ኃላፊ በቅንጭቡ «የጣና እምቦጭ በቁጥጥር ስር ውሏል» ይላል። ቀጥሎ አረሙ የሸፈነው ዳርቻ ይታያል። አቅራቢው «ታዲያ ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባል?» ይላል። መግለጫውና ምስሉ ዜናው ነው፤ የእስረኛው ነገር ሰሙ፤ ወርቁ ደግሞ «መግለጫውና ሐይቁ አይገናኙም» የሚለው ነው። ጎጃም ውስጥ ቅኔና አዝማሪ ሲሰማ ያደገ ጆሮ ወደ ወርቁ ይቸኩላል፤ ሰሙ ካልተጻፈ ትርጓሜው ከየት እንደመጣ ማሳየት አይቻልም። ምስሉ የተቀረጸበትንም ጊዜ አጣሩ። የአረሙ ስፋት እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ፣ የቆየ ምስል ከገባ ቀልዱ ራሱ ተመልካቹን አሳስቷል፤ ይህ ለብቻው ሊመዘገብ የሚገባው ግኝት ነው።

ዒላማው ላይ ጭቅጭቅ አይቀርም። አንዱ «ኃላፊው» ይላል፣ ሌላው «መግለጫውን ሳያጣራ ያስተላለፈው ጣቢያ»። ደንብ አብጁ፦ አቅራቢው ጣቢያውን ወይም ዜና አንባቢውን በግልጽ ካልነካ፣ ዒላማው ቃሉን የተናገረው ሰው ነው።

ከቀልዶቹ ቢያንስ 10 በመቶውን ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ኮድ ይስጡ፤ ማለትም ዓምዶቹን ለየብቻ ይሙሉ። የስምምነት መቶኛ ብቻ አያስተማምንም፤ አብዛኛው ቀልድ ባለሥልጣን ላይ ከሆነ በአጋጣሚም መስማማት ይቻላል። በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ የሚለካውን የክሪፐንዶርፍ አልፋ አስሉ፤ 0.80 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፣ ከ0.667 በታች የሆነውን አትጠቀሙበት። ሲያንስ ያልተስማማችሁባቸውን ቀልዶች አብራችሁ እዩ፣ መመሪያውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ባልተነካ ሌላ 10 በመቶ ላይ እንደ አዲስ ሞክሩ።