ቼክ ኢንጂን የበራበት ምክንያት ፍለጋ፣ ከኩዌት እስከ ሱሉልታ ዳገት

ኩዌት ሰው ቤት ሰርቼ ባጠራቀምኩት ብር ነው ለታናሽ ወንድሜ ሃይስ የገዛሁለት፣ አባዱላ የምንላትን፣ 3.0 ናፍጣ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ሰው ይጭንባታል፣ እናቴም እሱም ልጆቹም የሚኖሩት በሷ ነው። እና አንድ ቀን ማታ ስራ ጨርሼ ስልኬን ስከፍት የዳሽቦርድ ፎቶ ልኮልኛል፣ ቼክ ኢንጂን የሚሏት ብርቱካናማዋ የሞተር ስዕል በርታለች፣ ከስሩ ደግሞ ቮይስ አለ፣ "እህቴ ዳገቱ ላይ ጉልበት አጣች፣ ሰው አስወርጄ ነው ባዶዋን የወጣሁት" ይላል። ውጪ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከሩቅ ሆኖ እንደዚህ አይነት ድምፅ መስማት እንቅልፍ ይነሳል።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ኮምፒውተር ሰኩባትና "ኖዝል ነው፣ አራቱም ይቀየራሉ፣ ፖምፓውም አይተርፍም" አሉት። ኖዝል ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው እቃ ነው፣ ፖምፓው ደግሞ ግፊት የሚሰጠው። ዋጋውን ሲነግረኝ ሌላ ኮንትራት ልፈርም ነው እንዴ ብዬ አሰብኩ የምሬን። ኮዱ፣ ማለት የመኪናዋ ኮምፒውተር የችግሩን አይነት የሚመዘግብበት ቁጥር፣ ስንት ነው አልኩት፣ አላሳዩትም። ሌላ ቦታ ደግሞ የባትሪውን ሽቦ ነቅለው መለሱና መብራቷ ጠፋች፣ ተገላገልን ብሎ ደወለልኝ፣ ግን ሰው ሞልቶ እንጦጦን መውጣት ሲጀምር ተመልሳ በራች። ባትሪ መንቀል የመኪናዋ ኮምፒውተር የያዘውን ማስረጃ ማጥፋት ነው፣ በሽታው እዛው ነው ያለው። ኮዱ ሲመዘገብ እኮ ኮምፒውተሩ በዛች ቅፅበት የነበረውን የሞተር ዙር፣ ጭነት፣ የውሃ ሙቀት ምናምን አብሮ ነው የሚያስቀምጠው፣ ለሚያነብ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ሰፈራችን ኩዌት ውስጥ ጋራዥ የሚሰራ አንድ ኤርትራዊ ወንድም አለ፣ ለሀበሻ ሁሉ የሚደርስ ሰው ነው እግዚአብሔር ይስጠው። ነገሩን ስነግረው "መጀመሪያ ኮዱን አምጪልኝ፣ ቀጥሎ መቼ መቼ እንደምትበራ ጠይቂልኝ፣ ሳይታወቅ አንድ ብር እንዳትልኪ" አለኝ። የእረፍት ጊዜዬ ደርሶ ነበርና ኦቢዲ የምትባለውን ትንሿን የኮድ ማንበቢያ ገዝቼ ነው የገባሁት፣ ከመሪው ስር ባለው 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ላይ ትሰካና በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትገናኛለች።

ሱሉልታ እንደገባሁ ወዲያው ሰካነው፣ ፒ 0087 አለ። ፒ ማለት የሞተርና የካምቢዮ ክፍል ነው፣ ቀጥሎ ያለው 0 ሁሉም የመኪና ፋብሪካዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮድ ነው ማለት ነው፣ እዛ ቦታ ላይ 1 ቢሆን ኖሮ የፋብሪካው የራሱ ይሆን ነበር። የዚህኛው ትርጉም የነዳጅ ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ወርዷል ነው። ልብ በሉ፣ ኖዝል አላለም፣ ፖምፓም አላለም። ግፊት አነሰ ብቻ ነው ያለው፣ ለምን አነሰ የሚለውን ፈልጎ ማግኘት የሰው ስራ ነው፣ ብዙ ብር የሚጠፋውም እዚህች ጋ ይመስለኛል፣ ኮዱ የሚጠቁመውን አካባቢ አይተው እዛ ካለው እቃ ውዱን ለመቀየር ስለሚጣደፉ።

ወንድሜ ሰፈር አንድ ድሮ የከባድ መኪና መካኒክ የነበሩ አባት አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እሳቸውን ጠራናቸው። መጀመሪያ የጠየቁት "ሜዳ ላይ ትበራለች?" ብለው ነው። አትበራም። ባዶዋን ዳገት ስትወጣስ? አልፎ አልፎ። ሞልታ ዳገት ላይ? ሁሌ። "እንግዲህ ልጄ ርቧታል፣ ብዙ ስትጠይቅ የሚሰጣት አጣች" አሉኝ።

ነገሩ እንደዚህ ነው። እነዚህ ሞተሮች ላይ ታንከሩ ውስጥ ሆኖ ናፍጣ የሚገፋ ፖምፓ የለም፣ ከፊት ሞተሩ ላይ ያለው ፖምፓ ራሱ ነው ከታንከር ስቦ በፊልትሮ አሳልፎ ጨምቆ ኮመን ሬል ወደሚባለው ቱቦ የሚልከው፣ እዛ ውስጥ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፣ ጎማ ውስጥ ያለው ጥቂት ባር እንደሆነ አስቡት። ስለዚ መሳቢያው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ከጠበበ በተጣጠፈ ስትሮ ለስላሳ እንደመጠጣት ነው የሚሆነው፣ ቀስ ብለህ ስትስብ ይመጣል፣ በደንብ ስትስብ ይታነቃል። ደግሞ እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ነው። ሱሉልታ ወደ 2,600 ሜትር ገደማ ናት፣ እንጦጦ ማለፊያው ላይ ደግሞ ከዛም ይበልጣል፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው፣ እና ናፍጣውን ከታንከር ወደ ፖምፓው የሚገፋው ራሱ የአየሩ ግፊት አይደል? ኩዌት ባህሩ ዳር ምንም የማይታወቅ መጥበብ እዚህ ዳገቱ ላይ ይገለጣል። ሯጮቻችን እዚህ የሚለማመዱት ለዚሁ አየር ሲሉ አይደል፣ ጠዋት ጠዋት ከመኪናዋ ጎን ሲሮጡ አያቸዋለሁ፣ ደስ ይላሉ።

ከርካሹ ጀመርን። ፊልትሮው ስር ያለችውን መክፈቻ ላላ አድርገው ጋሼ በብርጭቆ ተቀበሉ፣ ትንሽ ሲቆይ ለሁለት ተከፈለ፣ ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ተንሳፍፎ ውሃው ከስር ቀረ፣ ቡናማ ነገርም አለበት። ፊልትሮውን ቀየርን፣ በእጅ ፖምፓው አየሩን አስወጣን፣ ኮዱን አጠፋን። ለጥቂት ጊዜ ሰራች። ከዛ እዛው ዳገት ላይ በራች። ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ፣ "በቃ ኖዝሉ ነው፣ እንቀይረው" ማለት ጀመረ፣ እኔም ውስጤ ፈርቶ ነበር።

ጋሼ ግን "ገና አልጨረስንም" አሉ። ያደረጉት ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ንፁህ ናፍጣ በጄሪካን አስቀዱና መኪናዋ ውስጥ አጥብቀው አሰሩት፣ የመሳቢያውን ቱቦ ከፊልትሮው በፊት ነቅለው በሌላ ቱቦ ከጄሪካኑ ጋር አገናኙት፣ የተረፈው ናፍጣ የሚመለስበትን ቱቦም እዛው ጄሪካን ውስጥ ከተቱት፣ አለበለዚያ የሚመለሰው ናፍጣ ሁሉ ወደ ታንከሩ ሄዶ ጄሪካኑ ባዶ ይቀራል። ጭነት ደግሞ ያስፈልጋል፣ ሰው ጭኖ እንደዚህ አይነት ሙከራ ማድረግ አይቻልም ብለው ከጎረቤት ሲሚንቶ በኩንታል ተውሰን ሞላናት። በየአጋጣሚው ሲጋራ የሚለኩስ ሰው እንዳይጠጋንም ጠብቀናል። ከአዲሱ ገበያ ተነሳን፣ እኔ ስልኬ ላይ ነው አይኔ፣ ወንድሜ መሪው ላይ፣ ሽቅብ ሽቅብ እስከ ጫፍ ወጣች፣ መብራት የለ፣ ጉልበት እንደ ድሮው። ወርደን ቱቦውን ወደ ታንከሩ መለስን፣ ያው ሲሚንቶ፣ ያው ዳገት፣ መሃል ላይ ስትደርስ በራች።

በቃ ታወቀ። ያው ፖምፓ፣ ያው ኖዝል፣ ያው አዲስ ፊልትሮ፣ የተለወጠው ናፍጣው የሚመጣበት ቦታ ብቻ ነው። እልል ልል ነበር።

ታንከሩን አወረዱት። ውስጡ ውሃ፣ ዝገት፣ እንደ ጭቃ ያለ ዝቃጭ፣ መሳቢያው ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊት ደግሞ ልትታይ አትችልም፣ ተደፍናለች። ከየት መጣ ስንል ወንድሜ ነገረን፣ ናፍጣ በሚጠፋ ሰሞን ሰልፉ ቀን ሙሉ ስለሚፈጅበት ከመንገድ ዳር በጄሪካን ከሚሸጡት ይገዛ ነበር። አልፈርድበትም፣ አንድ ቀን ካልሰራ ቤት የሚበላ የለም። ግን ያ ናፍጣ የዛገ በርሜል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ምን እንደተጨመረበት ማን ያውቃል።

ታንከሩ ታጠበ፣ ወንፊቷ ፀዳች፣ ቱቦዎቹ ተነፉ፣ ፊልትሮው ድጋሚ ተቀየረ። አንድ ሰፋ ያለ ማሽን ያለው ልጅ ጋ ወስደንም የግፊቱን ቁጥር እየሄደች አየነው፣ ኮምፒውተሩ የጠየቀውና የሚመጣው ግፊት እኩል እኩል ይሄዳሉ፣ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ኖዝል የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው የማስተካከያ ቁጥርም በአራቱም ላይ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ጤነኛ ኖዝል ነበር ሊያስጥሉን የነበረው።

አሁን ወንድሜ የፊልትሮውን ውሃ በየሳምንቱ እሁድ ያፈሳል፣ ብርጭቆውንም ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ጋሼ ገንዘብ አልቀበልም ብለው ስላስቸገሩኝ ለባለቤታቸው ጋቢ ገዝቼ ነው የሄድኩት። ለኖዝል ከተጠየቅኩት ብር ላይ ደግሞ አራት አዲስ ጎማ ተገዝቶ፣ የተረፈው እናቴ ጋ ተቀምጧል።