ሞካዋን በሳሙና ያጠብኩ ዕለት

ጣልያን በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ልባረር ነበር። ጥፋቴ ዕቃ ማጠቤ ነው።

የማስታምማቸው ሲኞራ ሰማንያን የተሻገሩ ናቸው፤ ቤታቸው ኦሜኛ፣ ከኦርታ ሐይቅ ዳር። ምድጃቸው ላይ ስምንት ጎን ያላት፣ ውስጧ የጠቆረ የአሉሚኒየም ቡና ማፍያ አለች፤ ሞካ። እናቴ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ያሳደገችን፣ የድስት ቂጥ ካላበራ የማትተኛ ሴት ናት። እኔም ልጇ ነኝና በሽቦና በሳሙና ፈትጌ አበራኋት። ጠዋት ሲኞራ ሲያዩዋት ሰው የሞተ ያህል ጮኹ።

ልጃቸው መጥቶ በእጁም በአፉም አስረዳኝ። ሞካ በሙቅ ውሃ ትለቀለቃለች እንጂ ሳሙና አይነካትም። አዲስ ስትገዛ ሁለት ሦስት ጊዜ ቡና ይፈላባትና ይደፋል፤ የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ታዲያ ማሟሸት ነዋ!» አልኩ በአማርኛ። እማ አዲስ ጀበና ገዝታ በቡና አተላ ደጋግማ ሳታሟሽ ለእንግዳ አቅርባ አታውቅም። ይህን ያህል ባሕር ተሻግሬ፣ ጥፋቴ የሟሸ ጀበና መፈተግ ሆነ። ለሳምንታት ቡናው ብረት ብረት አለ፤ ሲኞራ እያንዳንዱን ስኒ ፊታቸውን አጨማደው ጠጡት።

ከታረቅን በኋላ ነው ታሪኳን የነገሩኝ። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያው ሰፈር፣ ክሩዚናሎ፣ በቢያሌቲ ፋብሪካ ነው። አልፎንሶ ቢያሌቲ ፈረንሳይ ውስጥ የአሉሚኒየም ሥራ ተምሮ ተመለሰና ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1933 ሞካን አወጣ። ሐሳቡ የመጣለት ሴቶች ልብስ ከሚቀቅሉበት በርሜል ነው ይባላል፤ ውሃው ሲፈላ በመሐል ቱቦ ወጥቶ ልብሱ ላይ ይፈስሳል። ሞካም እንዲሁ ናት፤ እንፋሎቱ ውሃውን ከታች ገፍቶ በቡናው መሐል ያሳልፈዋል። አባትየው በየገበያው እየዞረ ነበር የሚሸጣት። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ልጁ ሬናቶ ተረከበና በማስታወቂያ ከየቤቱ አስገባት። የሞካ ምልክት የሆነው፣ ጣቱን የቀሰረው ባለ ሪዝ ሰውዬ ሥዕልም የመጣው በ1950ዎቹ ነው።

ስሟ የየመን ወደብ ስም መሆኑን ስሰማ ዝም አልኩ። የድሮው ቡና በዚያ በኩል ወደ ዓለም ወጣ። የሰፈሬ ልጆች ደግሞ በባቲ አድርገው፣ ጅቡቲ ደርሰው፣ በጀልባ ወደዚያው የመን ይሻገራሉ። ከነሱ ውስጥ እስከዛሬ ያልደወሉ አሉ።

ለሲኞራ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ሞካ በተሠራች በሁለት ዓመቷ፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ፤ ሆስፒታሉም ሳይቀር ተመታ። አያቴ ወደ ጦሳ ተራራ እየሮጠች የሸሸችበትን ቀን እስክትሞት አውርታለች። ብዙ ጊዜ ልናገር አፌ ላይ ደርሶ፣ ሲኞራ «ካፌ?» ብለው ስኒ ሲያቀብሉኝ መልሼ ዋጥኩት። ልክ ነበርኩ አልልም።

የክሩዚናሎው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘጋ። ሬናቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሞት አመዱ በትልቅ ሞካ ውስጥ ተደርጎ ተቀበረ። ሲኞራ ዜናውን በቴሌቪዥን አይተው «እኔን ግን ድስት ውስጥ እንዳትከቱኝ» ብለው ሳቁ።

ሲያርፉ ልጃቸው ሞካዋን ለእኔ ሰጠኝ። አምና ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ወርጄ ሽቅብ ወደ ደሴ ስወጣ ከጭኔ ላይ አላወረድኳትም፤ ከሻንጣ ጋር ትጨማደዳለች ብዬ።

እማ ክዳኗን ከፍታ አየች። ሽቦ ልታመጣ ነው ብዬ ልቤ ቆመ። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች።

«ይቺማ የሟሸች ናት። ማነው ያሟሻት?»

«ሲኞራ።»

«ባለሙያ ነበሩ» አለችና የራሷን ጀበና ጣደች።